የከበደ ጆሮና የባልንጀራ ዕዳ

ከአምስቱ ሕዋሳት መካከል ዐይን ጉድለቱን ለባለቤቱ ፈጥኖ የሚናገር ሲሆን፣ ጆሮ ግን ጉድለቱን ከባለቤቱ የሚሰውር ነው። ዐይኑ የደከመ ሰው ፊደል ሲደበዝዝበትና የሩቁ ነገር ሲምታታበት የደከመው የገዛ ዐይኑ መሆኑን ለማወቅ አይቸገርም፤ ጆሮው እያደር የሚከብድ ሰው ግን፣ ቃል እንዳመለጠው የሚያስረዳ ምስክር በውስጡ ስለማያገኝ፣ የጎደለው የእርሱ መስማት ሳይሆን የሌሎቹ አነጋገር ይመስለዋል። ሚስቱ ቃሏን የምትውጥ፣ ልጆቹ የሚያጉረመርሙ፣ ጎረቤቶቹም እርሱ በመጣ ቁጥር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚንሾካሾኩ ይመስሉታል። ስለዚህም የጆሮ መድከም በሥጋ ላይ ያደረ ደዌ ተብሎ ከመታወቁ አስቀድሞ፣ በሰውና በሰው መካከል ያለውን መተማመን ሲያናጋ የሚኖር ነገር ነው፤ ሐኪም ቤት የሚያደርሰውም መንገድ ብዙውን ጊዜ በቅያሜና በኩርፊያ ውስጥ ያልፋል።

እኔም ጆሮዬ ከከበደ ብዙ ዘመን ያለፈኝ፣ ዕድሜዬንም በመርካቶ ሁካታ መካከል የጨረስሁ ሰው ስሆን፣ በዚህ ሐተታ ልናገረው የምወደው ነገር አንድ ነው። መስማት የአንድ ሰው የግል ሀብት ሳይሆን ተናጋሪና አድማጭ አብረው የያዙት የጋራ ርስት ነው፤ እንዲህም ስለሆነ፣ በጎደለ ጊዜ ጉድለቱን የመሙላቱ ዕዳ በከበደው ጆሮ ላይ ብቻ ሳይሆን በሚናገረውም አንደበት ላይ ያርፋል።

መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የአገሬው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በተደረገ ጊዜ የተቆረቆረ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ ንግድ ሁሉ የሚገናኝበት አደባባይ ሆኖ ኖሯል። የቅዱስ ራጉኤል ቅዳሴና የአንዋር መስጊድ አዛን በአንድ ሰማይ ሥር የሚሰማሙበት፣ የጭነት መኪናው ጥሩምባ፣ የተሸካሚው «መንገድ! መንገድ!» ማለት፣ የሻጩ ጥሪና የደላላው ክርክር ከማለዳ እስከ ምሽት የማይቋረጥበት ሥፍራ ነው። ከዚህ ሁሉ ድምፅ ግን ከባዱ የሚወጣው ከምናለሽ ተራ ነው። በዚያ አሮጌ በርሜል ተቀዶ የከሰል ምድጃ፣ የተጣለ ቆርቆሮ ተቃንቶ ሣጥን፣ ያለቀ ጎማ ተቆርጦ ጫማ ይሆናል፤ ሌላው ሰው እንደ ጥራጊ የቆጠረው ነገር ሁሉ ከመዶሻ ሥር አልፎ ዳግመኛ ዕቃ ሆኖ ይወጣል። ሀብት ሳይኖረው ሀብት የሚፈጥር እንዲህ ያለ ጥበብ ሊከበር ይገባዋል፤ ዋጋውን የሚከፍለው የሠራተኛው ጆሮ መሆኑ ግን ሊዘነጋ አይገባም።

አከፋፈሉ እንዲህ ነው። ድምፅ የአየር ንዝረት ሆኖ የጆሮን ታምቡር ሲመታ፣ ሐኪሞች መዶሻ፣ መስፍና እርካብ ብለው የሚጠሯቸው ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ንዝረቱን ተቀባብለው ወደ ውስጥ ያሳልፉታል፤ ከእነዚህም እርካብ የተባለው በሰው ገላ ካሉት አጥንቶች ሁሉ ታናሹ ነው። ንዝረቱ በመጨረሻ ቀንድ አውጣ በመሰለው ጠመዝማዛ ክፍል ውስጥ ሲደርስ፣ በእያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ያህል የሚሆኑ፣ ጫፋቸው ጸጉር የመሰለ ረቂቃን ሴሎች ተቀብለው ለአንጎል ይልኩታል። ሰው እነዚህን ሴሎች ቆጥሮ እንደ ተሰጠው መክሊት ይዞ ይወለዳል፤ የሞተው አይተካም፣ የተሰበረው አይጠገንም። ታላቅ ጩኸትና ዕድሜ አስቀድመው የሚጎዱት ቀጭኑን ድምፅ የሚቀበሉትን ስለሆነ፣ ከንግግር መካከል ቀድመው የሚጠፉት እንደ ሰ፣ ሸ፣ ፈና ተ ያሉት ናቸው። አናባቢው ወፍራም ስለሆነ ይቀራል። በዚህም ምክንያት ሰውየው ድምፅ እየሰማ ቃል ያጣል፤ «ትሰማኛለህ?» ሲሉት «አዎን» ይላል፤ «ምን አልሁ?» ሲሉት ዝም ይላል። ይህን ያልተረዳ ባልንጀራ ይጮኽበታል፤ ጩኸት ግን አናባቢውን ያወፍረዋል እንጂ የጠፋውን ተነባቢ አይመልሰውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ጆሮ ሳይጎዳ ሊሸከመው የሚችለው ድምፅ 80 ዴሲቤል ቢሆን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ 90 ሲደርስ ግን የሚፈቀደው በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ብረት በብረት ሲመታ ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ እንደሚችል፣ ቀጥቃጩም በሳምንት ስድስት ቀን ከመዶሻው ጋራ እንደሚውል ያሰበ ሰው፣ የቀረውን ሒሳብ ራሱ ሊያወጣው ይችላል።

በምናለሽ ተራ ከአንድ በርሜል ቀዳጅ ደጃፍ ቆሜ ያየሁትን ልናገር። ሽማግሌው ባለሙያ ዝቅ ባለ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ የበርሜሉን ክዳን በሁለት እግራቸው አጣብቀው በመሮ ዙሪያውን ሲቀዱ፣ መዶሻው ባረፈ ቁጥር ዐይናቸውን ጨፈን ያደርጉ ነበር፤ በግራ ጆሯቸው ውስጥ ቁንጥር የማትሞላ ጥጥ ተወትፋለች፣ ቀኙ ግን ባዶ ነበር። ጥጥም ቢሆን ድምፅን የሚገታው እጅግ በጥቂቱ ነው። አንዲት ወይዘሮ አንዱን ምድጃ አንሥተው ገለባብጠው ካዩ በኋላ «አባባ፣ መጨረሻው ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ፤ መልስ አላገኙም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት፤ መዶሻው አላቋረጠም። ወይዘሮዋ የተናቁ መስሏቸው ምድጃውን መልሰው ሊያኖሩ ሲሉ፣ በጎን ሆኖ ቆርቆሮ ያቃና የነበረው ልጅ ሥራውን ትቶ ተነሣና የሽማግሌውን ጉልበት በጣቱ ነካ አደረገ፤ መዶሻው እስኪያርፍና እርሳቸውም ቀና እስኪሉ ጠብቆ፣ ከፊታቸው ቁጢጥ ብሎ፣ ሳይጮኽ፣ አፉንም ሳያጣምም «ጋሼ፣ እሜቴ የምድጃውን መጨረሻ ይጠይቃሉ» አላቸው። ዋጋው ተነገረ፣ ገንዘቡ ተቆጠረ፣ ወይዘሮዋም ፊታቸው ፈክቶ ሄዱ።

ያ ልጅ ትምህርት ቤት ሳይገባ የጆሮ ሕክምናን ግማሽ ያውቅ ነበር። አስቀድሞ ነካቸው፤ ጩኸቱ እስኪያርፍ ታገሠ፤ ፊቱን ለብርሃን ሰጠ፤ ነገሩንም ቆራርጦ ሳይሆን በሙሉ ዐረፍተ ነገር አቀረበ፣ ምክንያቱም የከበደ ጆሮ ያመለጠውን ቃል የሚያገኘው ከዙሪያው ካሉት ቃላት ነው። ከንፈር ማየት ብቻውን አይበቃምና፤ በ፣ መና ፐ በከንፈር ላይ አንድ መልክ ስላላቸው፣ «በላ»ንና «መላ»ን በዐይን ብቻ ለይቶ የሚያውቅ ሰው የለም። የሽማግሌው ጆሮ በዚያች ሰዓት የልጁ ትዕግሥት ነበረች።

ጆሮን የሚያከብደው ግን መዶሻ ብቻ አይደለም። በሕፃንነት መግል ሲያፈስስ ኖሮ «ሲያድግ ይተወዋል» እየተባለ ሳይታከም የቀረ ጆሮ፣ ኢትዮጵያ ባለችበት፣ «የማጅራት ገትር ቀበቶ» በሚባለው የአፍሪካ ክፍል እየተነሣ ብዙዎችን የቀጠፈው ማጅራት ገትር፣ ጆሮ ደግፍ፣ እርጅና፣ እነዚህ ሁሉ የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። መድኀኒትም ራሱ ይወስዳል። ሳንባ ነቀርሳን ድል የነሣው ስትሬፕቶማይሲን፣ ከእርሱም በኋላ መድኀኒት ለተላመደው ሳንባ ነቀርሳ በመርፌ ሲሰጡ የኖሩት ካናማይሲንና አሚካሲን፣ እነዚያኑ የማይተኩትን የውስጥ ጆሮ ሴሎች የሚገድሉ ናቸው። በእንጦጦ ግርጌ በሚገኘው በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል የዚህ ጽኑ በሽታ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀመር፣ ከሞት ለመትረፍ ሲሉ ጆሯቸውን ለአደጋ ያጋለጡ ሕሙማን ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 የሚዋጡ መድኀኒቶች የመርፌውን ቦታ እንዲወስዱ መምከሩ ታላቅ ምሕረት ነው፤ ነገር ግን ነፍሱ ተርፋ ጆሮው የቀረበት ሰው፣ «ከነነፍሱ መትረፉ ይበቃዋል» ተብሎ ሊተው አይገባውም። ከሞት ያወጣነውን ሰው ከሰው ማኅበር ካላገባነው፣ ማዳናችን ገና አልተፈጸመም።

ከሰው ማኅበር መውጣት ማለት ምን እንደሆነ በእድርና በዕቁብ ስብሰባ መካከል ይታያል። ጆሮው የከበደው ሰው ሌሎቹ ሲስቁ ጥቂት ዘግይቶ ይስቃል፤ ሌሎቹ ራሳቸውን ሲነቀንቁ እርሱም ይነቀንቃል፤ ያልሰማውን ውሳኔ አብሮ ያጸድቃል። አንድ ጊዜ «ምን አላችሁ?» ይላል፤ ሁለተኛ ይላል፤ በሦስተኛው «ተወው፣ ምንም አይደለም» የሚለውን መልስ ይሰማል። ይህች መልስ ከስድብ ትከፋለች፤ ስድብስ ቢሆን ለሰውየው የተነገረ ቃል ነው፣ ይህች ግን ቃል እንደማይገባው የምትቆጥር ናት። ሲመሽ፣ ቀኑን ሙሉ ቃል ከቃል ሲገጣጥም የዋለ አእምሮው ይዝላል፤ ብቻውን ሲሆንም ዕረፍት አያገኝም፤ ጆሮው ሌሊቱን ጭው ሲል ያድራልና፣ ጸጥታ እንኳ ለደንቆሮ አልተሰጠችም። ቤትሆቨን የተባለው የጀርመን ታላቅ የዜማ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1802 ለወንድሞቹ በጻፈው ኑዛዜ ከሰው የራቀው ሰውን ጠልቶ ሳይሆን አለመስማቱን መናገር አሳፍሮት መሆኑን ገልጿል። ኀፍረቱ የጌታም የሎሌም ነው፤ ከመርካቶው ጎጃም በረንዳ እስከ ቪየና ልዩነት የለውም።

ዘግይቶ የደነቆረ ሰው ደግሞ በሁለት ማኅበር መካከል የቆመ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ መስማት የተሳናቸው ወገኖቻችን በመካኒሳ፣ በሆሳዕናና በሌሎችም ትምህርት ቤቶች ያደጉበት፣ ብሔራዊ ማኅበራቸው የቆመበት፣ ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚጠና የምልክት ቋንቋ አላቸው፤ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ የሚጎድላቸው ነገር የለም። በሃምሳ ዓመቱ ጆሮው የከበደበት ነጋዴ ግን ያን ቋንቋ አያውቀውም፣ የለመደውን ቋንቋ ደግሞ አይሰማውም። ሕጋችንም ይህን ልዩነት ለማየት ጊዜ ወስዶበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ340ኛው አንቀጽ ደንቆሮና ዲዳ፣ ዕውርም የሆኑ ሰዎች ራሳቸውን ወይም ንብረታቸውን ለመጠበቅ ባልቻሉ ጊዜ ለአእምሮ ሕሙማን በተደነገገው ጥበቃ ሊጠቀሙ እንዲችሉ ፈቅዶ ነበር። አሳቡ የርኅራኄ እንደሆነ አይካድም፤ ነገር ግን የማይሰማውን ሰው ከማያስተውለው ጋራ በአንድ ጥላ ሥር ማስጠለሉ፣ የዘመኑ ሰው መስማትንና ማስተዋልን እንዴት አንድ አድርጎ ይመለከት እንደ ነበር ያሳያል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 676 ስታጸድቅ፣ ነገሩ ከምጽዋት ወደ መብት ተሸጋግሯል። የቀረው መብቱን ከወረቀት ወደ ጆሮ ማድረስ ነው።

እንግዲህ መልካም ሕክምና የትኛው ነው? በማርቆስ ወንጌል በ7ኛው ምዕራፍ፣ ጌታ በዐሥሩ ከተሞች አገር ደንቆሮውን ሲፈውስ አስቀድሞ ያደረገውን ነገር አንባቢ ብዙ ጊዜ ሳያስተውለው ያልፋል። ከሕዝቡ ለይቶ ብቻውን ወሰደው፤ ጣቱንም በጆሮው አገባ። በቃል ሊፈውስ የሚችል ጌታ፣ ቃል ለማይሰማው ሰው በሚገባው ቋንቋ፣ ማለትም በዳሰሳ፣ አነጋገረው፤ ከተአምሩም በፊት ከጩኸት አወጣው። ይህ ሥርዐት ዛሬም የመልካም ሐኪም ሥርዐት ነው።

ዐዋቂ የጆሮ ባለሙያ ሕመምተኛውን ገና ከመቀመጡ መሣሪያ አይሸጥለትም። ጆሮውን ከፍቶ ይመለከታል፤ ኩክ የደፈነው እንደሆነ ይጠርጋል፣ መግል ያለበት እንደሆነ ለሚያክመው ሐኪም ይመራል፣ ታምቡሩ የተበሳ እንደሆነም ያስታውቃል። ከዚያ በኋላ ግድግዳዋ ድምፅ በሚውጥ ነገር በተለበጠች ጠባብ ክፍል ያስገባዋል። በዚያች ክፍል ተቀምጦ፣ ከ250 እስከ 8,000 ኸርዝ ያሉትን ድምፆች ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ እየለዋወጠ የሚልክለትን ማዳመጫ በጆሮው ላይ አድርጎ፣ በሰማ ቁጥር ቁልፍ የሚጫን ሰው፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አለመስማቱ የማንም ስድብ ወይም ሐሜት ያልሆነበት ሥፍራ ያገኛል። ድምፁ መጥቶ ይሆን ወይስ የልብ ትርታ ነው እያለ ሲጠራጠር፣ የሚገሥጸው የለም። የቀኙ ጆሮ በቀይ ክብ፣ የግራው በሰማያዊ መስቀል ወረቀት ላይ ሲሰፍር፣ ለዓመታት በባልና በሚስት መካከል ክርክር የነበረው ነገር መስመር ሆኖ ይታያል። ያን ጊዜ ሚስቱ ቃሏን እንዳልዋጠች፣ እርሱም ንቋት እንዳልነበረ ያ ወረቀት ለሁለቱም ይመሰክራል። በእኔ አስተያየት ኦዲዮግራም የሚባለው የዚህ ወረቀት ታላቁ ጥቅም ይህ ዕርቅ ነው።

ቀጥሎ ቃል ይፈተናል፤ ቃሉም ሕመምተኛው አፉን በፈታበት ቋንቋ መሆን አለበት። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ጉራግኛና ስልጢኛ በሚሰማበት፣ መርካቶ ባለበት በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በባዕድ ቋንቋ ቃል የሚፈተን ሰው የሚመዘነው ትምህርቱ እንጂ ጆሮው አይደለም። መልካሙ ባለሙያ ሰውየው የት እንደሚውል፣ ከማን ጋራ ለመነጋገር እንደሚናፍቅ ይጠይቃል፤ በገበያ የሚውለውና በቤቱ የሚውለው አንድ ዓይነት አያስፈልጋቸውምና። መሣሪያውንም ከሰጠ በኋላ አያሰናብተውም። ድምፅን አስቦ የሚረዳው አንጎል ስለሆነና የረሳውን ድምፅ ዳግመኛ ለመልመድ ሳምንታትና ወራት ስለሚፈልግ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሳሕን ኳኳታ እንደ ነጐድጓድ ሲሆንበት መሣሪያውን አውልቆ በመሳቢያ የሚቆልፈው ብዙ ነው። ባትሪው በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ያልቃል፤ የክረምት ርጥበት ይገባበታል፤ በጆሮው ልክ የተቀረጸው ማስገቢያ ይሰፋል። ስለዚህ ሕክምናው አንድ ቀን የሚገዛ ዕቃ ሳይሆን ዓመታት የሚዘልቅ ወዳጅነት ነው፤ ያለ ምርመራ ድምፅ አጉሊ የሚሸጥ ሰው ከዚህ ወዳጅነት የሚጀምርም የሚፈጽምም የለውም።

እንዲህ ያለው ባለሙያ በአገራችን እጅግ ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የመስማት ሪፖርት፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆኑት አገሮች 93 ከመቶው ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ የመስማት ባለሙያ እንኳ እንደሌላቸው፣ በዓለም ላይም 430 ሚሊዮን ሰዎች የመስማት ሕክምናና እገዛ እንደሚያስፈልጋቸው ተጽፏል። በጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የአንገት በላይ ሐኪሞች የሚደክሙት ይህን ክምር ተሸክመው ነው። ሸክሙ ሊቀል የሚችለው ሕመምተኛው ወደ እነርሱ ከመድረሱ በፊት ብዙው ሥራ በአቅራቢያው ሲሠራ ነው። በጤና ጣቢያ ደም ግፊትና ስኳር እንደሚለካ ሁሉ ጆሮም ቢለካ፣ የሚያፈስስ የሕፃን ጆሮ ሳይውል ሳያድር ቢታከም፣ ለምናለሽ ተራ ቀጥቃጭም ከጥጥ የተሻለ መከላከያ በቅናሽ ቢቀርብለት፣ ይህ ሁሉ ታላቅ ሀብት የሚጠይቅ አይደለም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ለዚህ የሚያስፈልገው ዕውቀት በመርካቶ ውስጥ አስቀድሞ መኖሩ ነው። ይህ ገበያ ቋንቋቸው የማይገጥም ሰዎች ተገናኝተው የሠሩት ገበያ ነው። ሻጩ ከገዢው ጋራ በንግግር መግባባት ሲያቅተው የሒሳብ ማሽኑን አንሥቶ ዋጋውን ጽፎ ያሳያል፤ ገዢውም የራሱን ቁጥር ጽፎ ይመልሳል። በምሥራቁ አገራችን የግመልና የከብት ነጋዴዎች በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ቃል ሳይወጣቸው በጣት ብቻ ይዋዋላሉ። ነጋዴ የማይሰማውን ሰው እንዴት እንደሚያነጋግረው ያውቃል፤ ፊቱን ያዞራል፣ ይደግማል፣ ይጽፋል፣ በእጁ ያመለክታል፣ አይሰለችም። ይህን ሁሉ ትዕግሥት ለማያውቀው ደንበኛ ስለ ጥቂት ብር ትርፍ የሚሰጥ ሰው፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ላሳደጉት አባቱ «ተወው፣ ምንም አይደለም» የሚል ከሆነ፣ የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን ፈቃድ ነው።

ስለዚህ ጆሯችን የከበደ ሰዎች ከሐኪም የምንሻው አለ፣ ከመንግሥት የምንሻው አለ፤ ከባልንጀራ የምንሻው ግን ዛሬውኑ፣ ያለ በጀትና ያለ መሣሪያ ሊከፈል የሚችል ዕዳ ነው። በእኛም በኩል ያለው ድርሻ አለመስማታችንን ሳንሸሽግ መናገር፣ መመርመር፣ የተሰጠንንም መሣሪያ ታግሠን መልመድ ነው። ሁለቱ ወገኖች የየድርሻቸውን ያዋጡ እንደሆነ፣ የሞቱት ሴሎች ባይመለሱም ንግግሩ ይመለሳል፤ ሰውም የሚኖረው በንግግሩ እንጂ በሴሎቹ ቍጥር አይደለም።